አሥራ አምስት ሚሊሜትር የረዘመ አሞርዛተር

ጅጅጋ ውስጥ አንድ አሞርዛተር ጥሩ ነው የሚባለው ሰው ሲቀመጥበት አልወርድም ሲል ነው። ድንጋይም ሲቀመጡበት አይወርድም። ይህን አስተያየቴን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ክርክር የሚያሸንፈው የጮኸ ነው።

ሞተር ሳይክሏን ያገኘኋት ኤረር፣ በተዘጋ የመንገድ ሥራ ካምፕ ግቢ ውስጥ ነው። በዕድሜ ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጣለች። ለኮረብታና ለዝላይ ውድድር የተሠራች፣ ከኋላ ንዝረት የሚውጡ ሁለት አሞርዛተሮች ያላት፣ መብራትም ፍሬቻም የሌላት የጃፓን ሥሪት ናት። ሳገኛት ወንበሯን ፍየል በልቶት፣ ቤንዚን ታንከሯ ውስጥ ተርብ ቤት ሠርቶበት ነበር። በአይሱዙ ጭኜ አመጣኋትና ከመሥሪያ ቤት መልስ ሁለት ዓመት ለፋሁባት። ሥራዬ ንብረት ክፍል ነው፤ መካኒክነት ማንም አላስተማረኝም። የጥገና መጽሐፏን ከኢንተርኔት አውርጄ፣ በስልኬ፣ ገጽ በገጽ፣ የማላውቀውን ቃል እየፈለግኩ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ አንድ የጥገና መጽሐፍ አንድ ጊዜ እንኳ የጨረሰ መካኒክ እዚህ ከተማ ስላላጋጠመኝ ነው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የምሳሳለት አንድ ነገር ነበር፤ ካርተሩ። ሞተሩንና ማርሹን አቅፎ የያዘውን የአሉሚኒየም ቅርፊት ማለቴ ነው። ሌላው ዕቃ ቢጠፋ ይፈለጋል፤ ቢሰበር ቶርኖ ቤት ይቀረጻል። የፊት ጎማዋን ከቻይና ሞተር ሳይክል አላምጄላታለሁ። ካርተር ግን ሁለተኛ የላትም። አዲስ አበባም ሃርጌሳም አስጠይቄያለሁ፤ የለም። እሱ ከተሰበረ ሁለት ዓመት የለፋሁባት ነገር ተመልሳ የፍየል መኝታ ትሆናለች።

የኋላ አሞርዛተሮቿ ሞተው ነበር። ዘይታቸው ፈስሶ ስላለቀ አንድ ጉድጓድ ላይ አምስት ጊዜ ያነጥራሉ። የፋብሪካው ስለማይገኝ፣ ሌላ አምራች ለእንዲህ ያሉ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች የሚሠራቸውን ጥንድ አገኘሁ፤ ጋዝ ያለባቸው፣ ዙሪያቸውን የተጠቀለለው ሞላ ጥንካሬው በቀለበት የሚስተካከል። ከሃርጌሳ ልብስ የምታመጣ ጎረቤታችን በሽቲዎቿ መሃል ጠቅልላ አመጣችልኝ። ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ በብረት ማስመሪያ ለካሁ። ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል፣ አሮጌው አራት መቶ አሥራ አምስት ሚሊሜትር፣ አዲሱ አራት መቶ ሠላሳ። አሥራ አምስት ሚሊሜትር ይረዝማል።

መዘዙን ለሚያውቅ ሰው ይህ ችግር አይደለም። አሞርዛተሩ ሲረዝም ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ከድሮው ዝቅ ይላል። የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥብቀት የለውም። ሞተሩ ላይ ያለው ካቴናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ፣ የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ የሚታጠፍበት ቦታና የጎማው መሃል፣ ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ካቴናው ከሁሉ ይበልጥ ይወጠራል። ጎማው ከዚያ ወደ ታች ሲወርድ ይረግባል። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው መስመሩ ላይ ነው፤ አሞርዛተር ሳይገጠም፣ ጎማው በክሪክ ተነሥቶ። ካርቶን ላይ በልኩ ስዬ፣ በገመድ ለክቼ ደርሼበታለሁ። መስመሩ ላይ አንድ ጣት እንዲላላ ከተፈለገ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሲታይ ካቴናው አራት ጣት መርገብ አለበት። አራት ጣት የረገበ ካቴና ለማያውቅ ሰው ስንፍና ይመስለዋል።

አሮጌዎቹን የያዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። ሦስቱን ቤት ፈታሁ። አራተኛው፣ የግራ የታችኛው፣ በዝገት ተጣብቆ አልንቀሳቀስ አለ። ሦስት ቀን ዘይት አጠጣሁት። በረጅም ኪያቤ ሞከርኩ፤ ራሱ ሊላጥ ደረሰ። እሳት ያስፈልገው ነበር፤ እሳት ያለው ጋራዥ ነው። ሦስቱን ለጊዜው መልሼ አስሬ፣ አዲሶቹን አሞርዛተሮች በጀርባ ቦርሳዬ ይዤ፣ ቅዳሜ ቀን በካራማራ መውጫ ወዳለው ጋራዥ ሞተር ሳይክሏን ገፍቼ ሄድኩ። የኮሮና ጭምብል ማድረግ የቀረበት ዓመት ነበር።

የጋራዡ ባለቤት በጦር ሠራዊት ውስጥ መካኒክ የነበረ፣ ከመሃል አገር መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። የሚሠራው ባጃጅ ነው። ከምሳ በኋላ ግማሹ ግቢ ለጫት መቃሚያ፣ ለበርጫ፣ ምንጣፍ ይነጠፍበታል፤ የተቀመጠው ሁሉ፣ ደንበኛም ሆነ መንገደኛ፣ በሚሠራው ሥራ ላይ ሐሳብ ይሰጣል። ከምርቃናው በፊት ስለ ሞተር ምንም የማያውቅ ሰው፣ ከምርቃናው በኋላ መሐንዲስ ይሆናል።

"ምንድን ነው ይሄ ልጄ? ከመቃብር አወጣኸው እንዴ?" አለኝ ባለጋራዡ።

"ጋሼ፣ ይቺን አንድ ቡሎን ብቻ ቢፈቱልኝ። ሌላውን እኔ ቤት..."

አላስጨረሰኝም፤ እሱ ሳይሆን ምንጣፉ ላይ የተቀመጠው የባጃጅ ሹፌር። ሶማሌ ነው፤ የግቢው ቋሚ ተሰላፊ፣ ሆዱ ከባጃጁ መሪ ጋር የሚጋፋ።

"ዋርያ! አቦ ይቺ ግመል ናት እንጂ ሞተር ናት? ቂጧን እዩት የት እንደደረሰ! አንተ ልጅ፣ መሰላል ይዘህ ነው የምትወጣባት?"

ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግ ማለት የጋራዥ መግቢያ ነው።

ባለጋራዡ ጋዙን አቀጣጥሎ ቡሎኑን አጋለው፤ ሁለት ጊዜ በመዶሻ መታ አድርጎ በኪያቤ ዞር አደረገው። ተፈታ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ የላስቲክ ጎሚኒውን እንኳ አላቃጠለውም። ይህን በደንብ ሠርቷል፤ የምመሰክርለት ይህንን ነው። አመስግኜ ቦርሳዬን ከፈትኩና አንዱን አዲስ አሞርዛተር አወጣሁ። ከእጄ ወሰደው።

"ወዴት?"

"ልገጥመው ነው ጋሼ።"

"የፈታ ያስራል።"

የግቢው ሕግ ይህ ነበር። አንድ ቡሎን የፈታ መካኒክ ያንን ሥራ እስከ መጨረሻው ይዘጋዋል፤ ባለንብረቱ እጁን አያስገባም። ምክንያቱን ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ የባጃጁን ጎማ ራሱ አስሮ ወጣ፤ ጎማው መንገድ ላይ ተፈትቶ ሲሄድ ከተማው ሁሉ የሰደበው ባለጋራዡን ነው። ለባጃጅ ጥሩ ሕግ ነው። እኔ ግን አንድ ቡሎን አስፈታለሁ ብዬ ሙሉዋን ሞተር ሳይክል አስረከብኩ። ከመነካቱ በፊት መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም፤ ንቄው ቆምኩ።

መጀመሪያ የሞላውን ቀለበት በመንጠቆ ኪያቤ እስከ መጨረሻው ጥርስ አዞረው።

"ጋሼ፣ እኔ ስድሳ ሁለት ኪሎ ነኝ። ሁለተኛው ጥርስ ይበቃኛል።"

"ዛሬ ስድሳ ሁለት ነህ። ነገ ታገባለህ፣ ትወፍራለህ፣ ከኋላ ጄሪካን ትጭናለህ።"

"ጄሪካን አልጭንም።"

"ሁሉም እንዲህ ይላል።"

"አሞርዛተር እንደ ወንድ ነው" አለ ሹፌሩ ከምንጣፉ። "አንዴ ከታጠፈ አበቃለት፣ ወላሂ!"

ቡሎን የሚያልፍባቸው የአዲሶቹ አሞርዛተሮች ጫፎች ውፍረት ከአሮጌዎቹ በሁለት ሚሊሜትር ስለሚያንስ፣ መሃል ላይ እንዲቆሙ ለእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት ባለ አንድ ሚሊሜትር ክብ ጠፍጣፋ ብረት፣ ራንዴላ፣ ቆርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ነበር። ስምንት ናቸው። አራቱን ገጠመ፣ አራቱን "ትርፍ ነው" ብሎ መሬት ላይ ጣላቸው። ኪያቤ ሊያመጣ ዞር ሲል ከአቧራው ለቅሜ፣ ጠርጌ፣ እያንዳንዱን ቦታው ላይ አስገባሁ። ተመልሶ ቡሎኑን አጠበቀ። ስምንቱም እንደገቡ አላወቀም። ቡሎን ከማጥበቁ በፊት የሚያጠብቀውን የማያይ ሰው፣ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ካቴናውን አየው። ሞተር ሳይክሏ እንጨት ላይ ቆማለች፤ የኋላ ጎማዋ ተንጠልጥሏል። ካቴናው አራት ጣት ረግቧል፤ እንደሚገባው።

"ይሄ ካቴና ነው የልብስ ማስጫ ገመድ?"

"ጋሼ፣ ልኩ ነው። ጎማው ሲነሣ ይወጠራል። አሁን ካጠበቁት መስመሩ ላይ ሲደርስ ትንሹ ጥርስ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይስበዋል፤ ካርተሩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ካርተሩ ደግሞ..."

"አንተ ልጅ፣ እኔ የታንክ ሰንሰለት ያጠበቅኩ ሰው ነኝ።"

"ዩቲዩብ ነው የወለደው ይሄን" አለ ሹፌሩ፣ አዝኖልኝ። "እናቱ ኢንተርኔት፣ አባቱ ዋይፋይ።"

ታንክ አይዘልም። ባጃጅ ደግሞ ካቴና የለውም። ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ ካቴና የሌለው ነገር ሲጠግን ኖሮ፣ ካቴና ያስተምረኛል። ይህ ሁሉ በሆዴ ነው። ጮክ ብዬ ያልኩት "እሺ ጋሼ" ነው። ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ አንድ ጣት ብቻ እስኪቀረው አጠበቀው፤ በጣቱ ነዝሮ እንደ ክራር አሰማን። ደስ አለው።

አልተከራከርኩም፤ ገፍቼ ቤት ወስጄ ሁሉንም እንደገና ልሠራው አስቤ ነበርና። ሞላውንም ካቴናውንም። ግማሽ ቀን ይፈጃል እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም። ያኔ ነው ባለጋራዡ እጁን በነጭ ጋዝ እየታጠበ የተናገረው፦

"ሳይሞከር አይወጣም። ጫቴን ልቀበልና እኔው እነዳታለሁ። አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ" አለ ወደ ሹፌሩ። "ሁለት ሰው ካልቻለ አሞርዛተር አይባልም።"

ሹፌሩ ብቻውን መቶ ኪሎ ያልፋል። ሁለቱ ሲቀመጡባት፣ ምንም ያህል ሞላው ቢጠነክር፣ ጎማው መስመሩ ላይ ይደርሳል። ካቴናው ይወጠራል። ካርተሩ ይሄዳል።

ጫቱ መጣ። ባለጋራዡ ሊቀበል በር ላይ ወጣ። ሹፌሩና ምንጣፉ ላይ የነበሩት ሌሎች ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አጠገባችን ወዳለው መስጊድ ሄዱ። ግቢው ውስጥ እኔና ሞተር ሳይክሏ ቀረን። ካቴናውን የምትዘጋው ጥፍር የምታክል፣ ዓሣ የምትመስል ክሊፕ ናት፤ በፒንሳ አንድ ጊዜ ስትገፋ ትወጣለች። አወጣኋትና ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ክሊፕ የሌለው ካቴና አይነዳም። ይፈልጓታል፣ ያጧታል፣ እኔም "ሰኞ ክሊፕ ይዤ እመጣለሁ" ብዬ ገፍቼ እወጣለሁ። ቤት ትርፍ ክሊፕ አለኝ።

ባለጋራዡ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው የክሊፗን ባዶ ቦታ ነው። እንዲህ ቶሎ ያያል ብዬ አልጠበቅኩም።

"ክሊፑ የት ገባ?"

"እንጃ" አልኩ።

ፈለጉ። ሹፌሩ ከሶላት መጥቶ በዚያ ሆዱ በጉልበቱ እየዳኸ ማግኔት መሬት ላይ ጎተተ። የተሰበሰበው ምላጭ፣ ምስማር፣ የጠርሙስ ክዳን ነበር። እኔም አብሬ ጎንበስ ብዬ ፈለግኩ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ዕቃ መሬት ላይ ስፈልግ አላፈርኩም። እንዲያውም እነሱን እያየሁ በሆዴ ሳቅኩ።

"ሽቦ አምጡ" አለ ባለጋራዡ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው፤ በሽቦ የታሰረ ጭስ ማውጫ፣ በሽቦ የታሰረ በር፣ በሽቦ የታሰረ ፍሬን አይቻለሁ። ክሊፕ ሲጠፋ እዚህ ሰው መንዳት እንደማይተው፣ ሽቦ እንደሚያስር፣ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ ግን መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤ መጽሐፉ ውስጥ ሽቦ ስላልነበረ አላሰብኩትም።

ሽቦውን ሁለት ዙር ጠምዝዞ በፒንሳ አጠበቀው። ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ እጄን ማስገባት እችል ነበር። "አገኘኋት ጋሼ፣ እዚህ ወድቃ ነው" ማለት በቂ ነበር። ግን ክሊፗ ከተገኘች መነዳቷ አይቀርም፤ ካቴናውም እንደጠበቀ ነው። ይህን ሳመዛዝን እሱ ረገጣት። ሁለት ዓመት ያስተካከልኩት ሞተር በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣ።

"ጋሼ፣ በሽቦ አይሆንም!" አልኩ። የሞተሩ ድምፅ የዋጠኝ መሰለኝ።

ሹፌሩ ከኋላው እግሩን የሚያሳርፍበት አጥቶ ሁለቱንም እግሮቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ተቀመጠ። ወጡ። እኔ በሩጫ ተከተልኩ። ከጋራዡ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቆ አስፋልቱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ፍሬን ሊይዝ ይገባ ነበር፤ አልያዘም፤ አሞርዛተሩን ሊያሳየኝ ፈልጎ ነው። ፊቱን ወደ እኔ ዞር አድርጎ ነበር።

ጎማው ሲነሣ አየሁት። ቀጥሎ የተሰማው ድምፅ የተሰበረ ሳህን ዓይነት ነው፤ ከዚያ ሞተሩ ጭነት አጥቶ ጮኸ። ባለጋራዡ አጠፋው። በቀራቸው ፍጥነት ተንሸራትተው ዳር ቆሙ። ሹፌሩ ወርዶ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ እያነከሰ "ግመሏ ረገጠችኝ!" አለ። ማንም አልሳቀም።

ሽቦው ተበጥሶ ካቴናው ተፈትቷል፤ ተፈትቶም ትንሹ ጥርስ ላይ ተጠቅልሎ ካርተሩን ሰብሮታል። ቀዳዳው አውራ ጣት ያስገባል። ዘይቱ አስፋልቱ ላይ እየፈሰሰ ነበር።

ባለጋራዡ ምን እንደሚል አውቅ ነበር። "አሞርዛተሩ ነው" ይላል። "ሞተሯ ጉድ ናት፣ አሮጌ ናት" ይላል። ወደ እነሱ እየሮጥኩ የምመልስለትን ንቀት የሞላበት አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ልናገረው።

ባለጋራዡ ተንበርክኮ ትንሽ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገባ። ከዚያ ሹፌሩም፣ ከየሱቁ የወጣው ሰውም እየሰማ፦

"ጥፋቱ የኔ ነው። በሽቦ ማሰር አልነበረብኝም። ልጁ ነግሮኛል" አለ።

ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ቀረ። ክሊፗ ኪሴ ውስጥ ነበረች። "ምንም አይደል ጋሼ" አልኩ። ወደ ጋራዡ ገፍተን ስንመለስ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦዩን ስንሻገር፣ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ ክሊፗን ቦዩ ውስጥ ጣልኳት።

ሞተሩን እዚያው ግቢ ውስጥ ፈታሁት፤ ማንም እጄን አልያዘም። ባለጋራዡ ሰኞ ካርተሩን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቶጎጫሌ ሄደ። አሉሚኒየም በጋዝ የሚበይድ ሰው እዚያ አለ አሉት። እሱን ካላገኘ ድሬዳዋ እንደሚወስደው ነገረኝ። ረቡዕ ተመለሰ። ብየዳው ወፍራምና አስቀያሚ ነው፤ በሞረድ እንኳ አላለሰለሱትም። ግን የኩሽኔታው መቀመጫ አልተጣመመም። በካሊፐር አራት ቦታ ለካሁት፤ የፈራሁትን መጣመም ፈልጌ አጣሁ።

በእነዚያ ቀናት ሰውየውን መናቅ አቃተኝ፤ ያ ደግሞ ከሥራው ይበልጥ አደከመኝ። ሻይ ያመጣልኛል፣ ኪያቤ ያቀብለኛል፣ ስሠራ ሬዲዮውን ይቀንስልኛል።

በመጨረሻው ቀን አሞርዛተሮቹን አወረድኩ፤ ጎማውን በክሪክ አንሥቼ ሦስቱን ነጥቦች በገመድ አንድ መስመር ላይ አዋልኳቸው፤ ካቴናውን አንድ ጣት አላላሁ። የሞላዎቹን ቀለበት ሁለተኛው ጥርስ ላይ አደረግኩ። ባለጋራዡ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ሁሉንም አየ። ገመዱን በጣቱ ነካው። "ጎበዝ" አለ። አሞርዛተሮቹን መልሼ ገጥሜ ክሪኩን ሳወርድ ጎማው ተንጠለጠለ፤ ካቴናውም አራት ጣት ረገበ። ሰውየው አየው፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ጥሩ ሠርተሃል። ግን ላላብህ ልጄ። ትንሽ አጥብቀው።"

ዓይኑ ሥር ሠርቼዋለሁ። ገመዱን በጣቱ ነክቶታል። ንቀቴ በአንድ ጊዜ ተመለሰልኝ፤ ከሩቅ አገር እንደመጣ ዘመድ ተቀበልኩት። "እሺ ጋሼ" አልኩ፤ አላጠበቅኩትም።

ካርተሩ ያዘ። ከብየዳው ሥር አንድ እርጥብ መስመር ይታያል፤ በሳምንት አንዴ በጨርቅ እጠርገዋለሁ። አሁንም አንዳንድ ቅዳሜ እሳት ወይም ሞርሳ ሲያስፈልገኝ ወደዚያ ጋራዥ እሄዳለሁ። ምንጣፉ ላይ አዲስ ሰው ከተቀመጠ ባለጋራዡ ታሪኩን ከመጀመሪያው ይጀምርለታል፤ ልጁ እንዴት እንዳስጠነቀቀው፣ እሱ እንዴት እንዳልሰማ፣ ሹፌሩ እግሩን እንዴት እንደዘረጋ፣ ካርተሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቶጎጫሌ ድረስ እንዴት እንደሄደ። የሽቦውን ርዝመት በጣቱ ለክቶ ያሳያል። "ይቺን በምታክል ሽቦ" ይላል፣ "የሰው ንብረት ሰበርኩ።" ሁሉም ይስቁና እውነት መሆኑን እንዳረጋግጥላቸው ወደ እኔ ያያሉ።

"አዎ" እላለሁ።